የአንባቢያን ጥያቄ፦ የደረቀ ጨፌ ይመለሳል?

ጥያቄ፦ ከመንደራችን ግርጌ ያለው ጨፌ በበጋም ውኃ የማይለየው ነበር። ድንች ልንዘራበት መሐሉን ቦይ ቀደን አጠነፈፍነው። ሁለት ሦስት ዓመት እሰየው የሚያሰኝ ምርት አገኘን። አሁን ግን መሬቱ እየሰመጠና እየተሰነጠቀ ነው፤ ከሥሩ ያለው ምንጭም መጋቢት ላይ ይነጥፋል። ቄጠማ ብንተክልበት ያገግማል? (ከዳንግላ አካባቢ)

መልስ፦ ቄጠማውን ለጊዜው ተዉት፤ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ውኃው ነው። የጨፌ ጥቁር አፈር በአብዛኛው ውኃ ውስጥ አየር አጥቶ ሳይበሰብስ ለዘመናት የተከማቸ የሣርና የሥር ቅሪት ነው። ቦይ ሲቀደድለት አየር ያገኝና መበስበስ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ያማረውም ለዚህ ነው፤ ድንቹ የበላው የዘመናት ጥሪት ነበር። አፈሩ በበሰበሰ ቁጥር መሬቱ ዝቅ ይላል። ምንጩን ያነጠፈው ደግሞ ያው ቦይ ነው፤ ጨፌው ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ሊለቀው የሚገባውን የክረምት ውኃ ወዲያውኑ ወደ ወንዝ ይሸኘዋል።

ስለዚህ ቦዩን ዝጉ፤ ሥራውም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ቦዩ ሲደርቅ ይሠራ። ብዙ ቦታ የሚታየው ስሕተት ታች ላይ አንድ ትልቅ ግድብ መሥራት ነው፤ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ይዞት ይሄዳል። ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች እየወረዳችሁ ትንንሽ እገዳዎችን ደርድሩ። በሁለት እገዳዎች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ በ100 ሜትር ውስጥ 1 ሜትር በሚወርድ ቦይ ላይ ይህ በየ25 ሜትሩ ገደማ አንድ እገዳ ማለት ነው። ልዩነቱ ውኃ በተሞላ ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ይለካል።

ለእያንዳንዱ እገዳ ሁለት ረድፍ ካስማ ትከሉ (ባሕር ዛፍ ይሆናል፤ በዚህ እንኳ ይካሰን)። የቦዩን ግራና ቀኝ ግድግዳና ወለሉን ግማሽ ግማሽ ሜትር ቆፍራችሁ እገዳው እንዲነክስ አድርጉ። ይህ ከተዘለለ ውኃው በጎን ወይም በሥር ይሰረስርና ከቀድሞው የሰፋ ቦይ ያወጣል። መሐሉን ከጨፌው ውጭ በመጣ እርጥብ ሸክላ አፈር በ15 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየደለደላችሁ ሙሉት። አናቱ ከቦዩ ዳር 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ውኃው እገዳውን ዘሎ ከመውረድ ይልቅ በጨፌው ላይ ወደ ጎን የሚተኛው እንዲህ ሲሆን ነው።

ከዚያ ከብት ቢያንስ ሁለት ክረምት አይግባ፤ ሣሩ በማጭድ ታጭዶ ይወሰድላቸው። የቄጠማው ዘርና ሥር አፈሩ ውስጥ ካለ ራሱ ይወጣል። በሁለተኛው ክረምትም ብቅ ካላለ ከጎረቤት ጨፌ ከነሥሩ አምጥቶ መትከል ያን ጊዜ ነው።

ማረሱ የግድ ከሆነ የኢሉባቦር ገበሬዎች ልማድ ይጠቅማል፦ የጨፌው ራስ አይታረስም፣ ቦዩ ጥልቅ አይደለም፣ በቆሎው እንደተሰበሰበ ቦዩ ተደፍኖ ውኃው ይመለሳል። በቆሎው ተነሥቶ ጤፍ ከተደገመበት፣ ከብትም ከተሰማራበት ግን ጨፌው አይቆይም።

ጥያቄ፦ ከምንጫችን በላይ ያለውን ባሕር ዛፍ ቆረጥነው፤ ግን መልሶ አቆጠቆጠ። ጉቶውን እንንቀለው? (ከእንጅባራ)

መልስ፦ ከምንጩ ዐይን አጠገብ ያለውን አትንቀሉ፤ ቁፋሮው የውኃውን መውጫ ሊደፍነው ወይም አቅጣጫውን ሊያስቀይረው ይችላል። ቅርፊቱን እስከ መሬት ላጡት፤ አዲሱ ቡቃያ አንድ ሜትር ሳይሞላ በየሁለት ሦስት ወሩ ስበሩት። ሥሩ ያከማቸው ምግብ እስኪያልቅ ከአንድ ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ብዙዎች የሚሸነፉት መሐል ላይ ስለሚተዉት ነው። ራቅ ያለውን ጉቶ ግን መንቀል ይቻላል።

ጥያቄ፦ ከጣና የነቀልነውን እምቦጭ ዳር ላይ ከመርነው፤ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ሐይቁን ሞላው። ምን አጠፋን? (ከፎገራ)

መልስ፦ ክምሩ የተቀመጠው ውኃ በሚደርስበት ቦታ ነው። የጣና ውኃ ከፍ የሚለው መስከረም ግድም ስለሆነ ክምሩ ከዚያ ጊዜ የውኃ ወሰን በላይ ይሁን፤ ስስ አድርጋችሁ አስጡት። ሲነቀልም አትቁረጡት፤ ቅርንጫፍ ያለው ቁራጭ ሁሉ አዲስ ተክል ይሆናል። ከማበቡ በፊት ያልተነቀለ ዘሩን ጭቃ ውስጥ ይጥላል፤ ዘሩ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ውኃው ሲሸሽ በየሁለት ሳምንቱ ዳርቻውን እየዞራችሁ ቡቃያውን ልቀሙ። ያበበውን ለብስባሽ አታውሉት፤ ክምሩ በደንብ ካልጋለ ዘሩን ወደ ማሳ ትወስዱታላችሁ።

ባሕር ሸሹን (ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት) እስከ ውኃው ጠርዝ ማረስም ይቁም። ደንገሉ ሲመነጠር ከማሳ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ እምቦጩንም የሚያደልበው ይኸው ነው። ቢያንስ 20 ሜትር ሳይታረስ ይቆይ። ደንገል የምትተክሉ ከሆነ ሁለት ሦስት እንቡጥ ያለው የሥር ቁራጭ በረግረጉ ጭቃ ውስጥ በሜትር ርቀት ይተከል፤ አዲሱ ቡቃያ ጫፉ ከውኃ በላይ ካልሆነ ይበሰብሳል።