ባሕር ሳያዩ የባሕር በረዶ ማጥናት

«የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምሬ ዘንድሮ እመረቃለሁ። የዋልታ ባሕሮችን በረዶ በሳተላይት የሚያጠኑ ሰዎች ሥራ ልቤን ወስዶታል። ወንድሜ ግን ‹ባሕር ሳታዪ ምን የባሕር በረዶ አመጣብሽ› እያለ ይስቅብኛል፤ ፋብሪካ ተቀጠሪ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ወንድምሽ ሥራው መርከብ ላይ የሚውል መስሎት ይሆናል። አብዛኛው የሚሠራው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ነው፤ መሠረቱም አንቺ የተማርሽው ፊዚክስ ነው። ሰሜን ዋልታ ለወራት ጨለማ ነው፤ ብርሃን ሲመለስ ደግሞ ደመና ይሸፍነዋል። ስለዚህ ተመራማሪው የሚመካው በማይክሮዌቭ፣ ማለትም ዓይን በማያየው አጭር የሬዲዮ ሞገድ ነው። የባሕር በረዶ በተወሰኑ የሞገድ ርዝመቶች ከክፍት ውኃ የበለጠ ጨረር ስለሚያመነጭ፣ ሳተላይቱ በጨለማም በደመናም ሁለቱን ይለያል። በዚህ መንገድ ከ1978 መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ የተያዘ መዝገብ አለ፤ የሰሜኑ በረዶ በመስከረም 2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር መውረዱን ያወቅነውም ከእርሱ ነው።

ስፋቱን መለካት ቀላሉ ነው። ያልተፈታው ውፍረቱ ነው። ከ2010 ጀምሮ ክራዮሳት-2 የተባለው ሳተላይት በራዳር፣ ከ2018 ጀምሮ አይስሳት-2 የተባለው በሌዘር፣ ከውኃው በላይ ብቅ ያለውን ክፍል ይለካሉ። ያ ክፍል ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር መሳሳት በውፍረቱ ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ያሳስታል። በላዩ የተከመረው ልል በረዶ ስሌቱን ያዛባዋል፤ በዋልታው በጋ ቀልጦ በላዩ የሚቋጥረው ውኃ ደግሞ በረዶውን ክፍት ባሕር ያስመስለዋል። የፊዚክስ ሰው የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው።

መረጃው በነፃ ይገኛል። በኮሎራዶ፣ ቦልደር ካለው የአሜሪካ ብሔራዊ የበረዶ መረጃ ማዕከል ዕለታዊውን የበረዶ ካርታ አውርጂ። እያንዳንዱ ነጥብ 25 ኪሎ ሜትር ስለሚሸፍን ፋይሉ ትንሽ ነው፤ የመኝታ ክፍላችሁ ኢንተርኔት ይችለዋል። የሴንቲኔል-1 ሳተላይት የራዳር ምስል ግን አንዱ ብቻ ወደ አንድ ጊጋባይት ስለሚጠጋ በዚያ መስመር አትሞክሪው፤ ፈጣን መስመር ካለበት ቦታ ፍላሽ ይዘሽ ሂጂ።

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ግን ዋልታውን ተዪውና ሞረትና ጅሩን ያዢ። ጥቁር አፈሩ በሐምሌና በነሐሴ ውኃ ይቋጥራል፤ ደመናው ተራ ካሜራን ያሳውራል፤ ራዳር ግን ያልፈዋል፤ ውኃ የያዘውን መሬት በእርሱ ለይተሽ ካርታ ሥሪ። ለስላሳ ውኃ በራዳር ምስል ጠቁሮ ይታያል፤ ነፋስ ሲያናውጠው ግን ይፈካና ከአካባቢው ጋር ይመሳሰላል። የባሕር በረዶ ተመራማሪዎችን የሚያታክታቸው ይኸው ነው። ወደ ጣርማ በር ገደል ግን አትጠጊ፤ ተዳፋቱ የራዳሩን ምስል ያጣምመዋል፤ ለጀማሪ አይሆንም።

በአገራችን «የባሕር በረዶ ተመራማሪ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ አትጠብቂ። ራዳር ማንበብ የሚችል ሰው ግን በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትም ሆነ በሜትሮሎጂ ቦታ አለው። ወደ ዋልታው የሚወስደው በር ያለው በጀርመን በብሬመርሃቨን የአልፍሬድ ቬገነር ኢንስቲትዩትና በብሬመን ዩኒቨርሲቲ፣ በኖርዌይ ደግሞ በትሮምሶና በበርገን ነው። ለእነዚያ ተመራማሪዎች ስትጽፊ ስለ ምኞትሽ ብዙ አታውሪ፤ የሠራሽውን ካርታና ያልገባሽን አንድ ጥያቄ ላኪላቸው። ምኞት ብቻ የያዘ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም።

ስለ ፋብሪካው ከወንድምሽ ጋር እስማማለሁ፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ብዙ የውጭ ነፃ የትምህርት ዕድሎች የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ፤ የእንግሊዝኛ ፈተናውና የፓስፖርቱም ወጪ አለ። የመውጫ ፈተናውን እንዳለፍሽ የጥራት ቁጥጥር ወይም የመለኪያ መሣሪያ ክፍል ላይ አመልክቺ። የቀን ፈረቃ ጠይቂ፤ ማታውን ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ለመማር ትፈልጊዋለሽ።