«ሁለት ነፍስ ነሽ፣ ብዪ» ይሉኛል፤ እኔ ግን ኪሎዬ ያስፈራኛል

ሰላም እትዬ፣

የምኖረው ደሴ ነው፤ 29 ዓመቴ ነው። የወር አበባዬ ለዓመታት ሲዛባ ቆይቶ ሐኪም «ፒሲኦኤስ የሚባል የሆርሞን መዛባት ነው» አለኝና ሜትፎርሚን የሚባል የስኳር መድኃኒት አዘዘልኝ። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። መድኃኒቱን ልጁን እንዳይጎዳው ብዬ ተውኩት። ሳረግዝ 82 ኪሎ ነበርኩ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። አማቴ ጠዋት ጠዋት ቅቤ የጠገበ ገንፎ ይዘው ይመጣሉ፤ «ሁለት ነፍስ ነሽ፣ ብዪ እንጂ» ይሉኛል። ጎረቤቴ ደግሞ «በዚህ ውፍረት ስኳር ይይዝሻል» ብላ አስደነገጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ገንፎውን አማቴ እንዳይቀየሙ እበላና ራት እተዋለሁ። ሌሊት እየራበኝ አልተኛም። ኪሎ ብቀንስ አይሻልም?

የጨነቃት፣ ከደሴ

እህቴ፣

እንኳን ደስ አለሽ! በመጀመሪያ ራትሽን ብዪ። ኪሎ መቀነስ ከእርግዝና በፊት ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አሁን ጊዜው አይደለም። ባንቺ ቁመትና ክብደት እስክትወልጂ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ብትጨምሪ ደህና ነው።

ጎረቤትሽ አነጋገሯ ባያምርም ነገሯ መሠረት አለው። እርግዝና ሲገፋ ከእንግዴ ልጁ የሚወጡ ሆርሞኖች የእናትየው ሰውነት ለኢንሱሊን፣ ማለትም ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ለሚያስገባው ሆርሞን፣ እንዳይታዘዝ ያደርጋሉ። ስኳሩ ለጽንሱ እንዲተርፍ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት የኢንሱሊን ጉልበት በግማሽ ያህል ይወርዳል፤ ያውም በጤነኛዋም ሴት ላይ። ቆሽቷ ኢንሱሊን ጨምሮ እያመረተ ይወጣዋል። ፒሲኦኤስ ያለባት ግን፣ ቀጭን ብትሆን እንኳ፣ ብዙ ጊዜ ከማርገዟ በፊትም ኢንሱሊኑ በደንብ አይሠራላትም። የእርግዝና ስኳር የሚበዛባት ለዚህ ነው። ሆዳምነት አይደለም፤ ለጎረቤትሽም ንገሪልኝ።

ዋናው ምርመራው ነው። አብዛኛው ሰው ከ24 እስከ 28 ሳምንት ላይ ይመረመራል። አንቺ ግን ለክትትል ስትሄጂ «ፒሲኦኤስ አለብኝ፣ ስኳሬን አሁኑኑ እዩልኝ» በያቸው። ደህና ነው ቢሉሽም በ24ኛው ሳምንት ይደገምልሽ። በባዶ ሆድ ደም ይወስዱና 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ በጥብጠው ያጠጡሻል፤ ከዚያ ከ1 ሰዓትና ከ2 ሰዓት በኋላ ደግመው ይለኩታል። ጣፋጭነቱ ያቅለሸልሻል፣ ቻይው። ሜትፎርሚኑን በራስሽ እንደተውሽው አትደብቂያቸው። መልሰሽ መጀመሩንም ቢሆን እነሱ ይወስኑ።

ገንፎውን አትጥዪው፤ በትንሽ ሳህን አድርገሽ ከእንቁላል ጋር ብዪው። እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ ቡናው ነው። ወሎ ተቀምጦ ቡና አትጠጪ ማለት አይቻልም! ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልሽ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ካደረግሽ ስድስት ማንኪያ ነው፤ ለስላሳ ካልተከፈተ ማለቴ ነው። ስኳሩን ተይው፣ ከሲኒውም ቀነስ አድርጊ። ማዕድ ላይ እንጀራውን ቀነስ፣ ምስሩንና ጎመኑን ጨመር። ሐኪም ካልከለከለሽ ከበላሽ በኋላ ሩብ ሰዓት ተራመጂ፤ የደሴን ዳገት ትተሽ ሜዳ ሜዳውን።

ለሚቀጥለው ክትትል አማትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። አንቺ ከምትነግሪያቸው ነርሷ ብትነግራቸው ይሰማሉ፤ ቅቤውንም ራሳቸው ይቀንሱታል።