ረጅም ፍርድና የቤተሰብ ጣጣው፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የወንጀል ጉዳይ ጠበቃ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ ረጅም እስራት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። የመዝገብ ዝርዝር የላካችሁልኝን ግን አላወጣሁትም። እሱን ከጠበቃችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት። 15ቱንም ዓመት ይታሰራል ማለት ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ ሰው በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ለ15 ዓመት፣ 10 ዓመት መሆኑ ነው። የጽኑ እስራት ጣሪያ በሆነው 25 ዓመት ከሆነ 16 ዓመት ከ8 ወር ይመጣል። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት መጨረስ አለበት። ከፍርዱ በፊት በቀጠሮ የታሰረበት ጊዜም ይታሰብለታል። የተከሰሰበት አንቀጽ አመክሮ የሚከለክል መሆን አለመሆኑን ግን ጠበቃው ይይላችሁ።

አመክሮ መብት ሆኖ ዝም ብሎ አይመጣም። ጠባዩና ሥራው ይታያል። ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፤ ያደረሰውን ጉዳት በአቅሙ መካሱም ይታያል። ብዙ ቤተሰብ ሽማግሌ ፍለጋ የሚሯሯጠው መፈቻው ሲደርስ ነው። ያኔ የተበዳይ ወገን “አሁን ነው የታወስናችሁ?” ይላል። ደግሞም እውነቱን ነው። እርቁንና ካሳውን ካሁኑ ጀምሩት፣ እህቴ።

ጥያቄ፦ ለልጆቼ “አባታችሁ ዓረብ አገር ሄዷል” ብያቸዋለሁ። ትልቁ 9 ዓመቱ ነው። ልክ ነኝ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ለምን እንዳሉ ይገባኛል። ግን የ9 ዓመት ልጅ ሰፈር ውስጥ ይጫወታል። እናቱ ያልነገረችውን የጎረቤት ልጅ ኳስ ሜዳ ላይ፣ ተጣልተው እያሉ ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ ልጁ የሚያጣው አባቱን ብቻ አይደለም፤ እርስዎንም አያምንም። “አባባ ጥፋት ሠርቷል ተብሎ ተፈርዶበታል፤ ያለው ማረሚያ ቤት ነው፤ ይወድሃል፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም” ቢሉት ይበቃል። የመጨረሻዋን ሐረግ አይዝለሏት። ልጆች “እኔ ስላስቸገርኩ ነው የሄደው” ብለው የሚያስቡበት ጊዜ ብዙ ነው። ሊጠይቁት ይዘውት ሲሄዱም ፍተሻ እንዳለ፣ በአጥር ማዶ ሆኖ ሊያነጋግረው እንደሚችል ቀድመው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ስንቅ ማመላለስ ሰለቸኝ። ይህን ማለት ኃጢአት ነው? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ከደረሱኝ ሁሉ ያስጨነቀኝ ጥያቄ ይሄ ነው። የላኩት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ አይደሉም፤ ሁሉም ሴቶች ናቸው።

በር ላይ ቆማችሁ እዩ። ሰልፉ ላይ ያለችው እናት፣ ሚስት ወይ እህት ናት። ሌሊት ተነስታ ሠርታ ነው የመጣችው። እንጀራው ይገለበጣል፣ ወጡ በማንኪያ ይማሰላል፣ “ቅመሽው” ትባላለች። ፔስታሉ ላይ ስም ይጻፋል። ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ፣ ሌላው ሁሉ እየጮኸ፣ “ደህና ነህ? ደህና ነሽ?” ተባብለው ይለያያሉ። እስረኛው ዝዋይ ከሆነ ከአዲስ አበባ መንገዱ ብቻ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ነው፤ የቀን ሥራዋም ይቀራል። በመጀመሪያው ዓመት ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ይመጣል። በሦስተኛው ዓመት ጓደኞች ይጠፋሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ የምትቀረው አንዲት ሴት ናት። ለዚህ ነው ረጅም ፍርድ ከተወሰነ ዓመት በኋላ የሚከብደው ውጭ ላለችው ነው የምለው። ዳኛው ፊት ግን እሷ አልቆመችም።

ስለዚህ ኃጢአት አይደለም። ደክሞሻል። ለእሱ በግልጽ ንገሪው፦ “በየሳምንቱ አልችልም፤ በወር ሁለቴ እመጣለሁ።” ሳትነግሪው ከምትቀሪ ቁርጥ ያለ ቀን ስጪው። እስረኛን የሚያሳብደው መጠበቅ ነው። ወንድሞቹንም ተራ አስይዣቸው። “ሥራ ይበዛብናል” ይላሉ፤ አንቺስ?

እሱም ቢሆን ባዶ እጁን አይቀመጥ። በየማረሚያ ቤቱ ሽመናም የእንጨት ሥራም ይሠራል፤ ከዚያ ቆጥቦ ለልጆቹ ደብተር የሚልክ እስረኛ አውቃለሁ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ አባትነቱን ግን ያቆይለታል።

ጥያቄ፦ ወንድሜን የገደለው ሰው 18 ዓመት ተፈረደበት። ስለ ገዳይ ቤተሰብ ብቻ ነው እንዴ የምታለቅሱት? (ከጎንደር)

መልስ፦ ነፍስ ይማር። ቁጣዎ ትክክል ነው። ለተራ የሰው ግድያ ሕጉ ያስቀመጠው ከ5 እስከ 20 ዓመት ስለሆነ፣ 18 ዓመት ወደ ጣሪያው የተጠጋ ፍርድ ነው። ይነስ እያልኩ አይደለም። ገዳዩ የ6 ዓመት ልጅ ብትኖረው ግን እሷ ወንድምዎን አልገደለችም። እሷ ትምህርት ስታቋርጥ የእናንተ ሐዘን አይቀልም። ሁለቱን ሐዘን ማወዳደር አልፈልግም፣ ለየብቻ ነው የማያቸው።

ቅጣት ይክበድ ለሚሉትም አንድ ነገር ልጨምር። የወንጀል ተመራማሪዎች ደጋግመው ያገኙት ሰውን የሚያስፈራው የዓመቱ ብዛት ሳይሆን መያዙ የማይቀር መሆኑ ነው። ቢላ የሚመዝ ሰው 12 ይሁን 18 ብሎ አያሰላም።

ጥያቄ፦ ባሌ ስለታሰረ ትዳሬ ፈርሷል?

መልስ፦ አልፈረሰም። እስራት ብቻውን ጋብቻ አያፈርስም። ፍቺ ከፈለግሽ ግን በቤተሰብ ሕጉ ማመልከት ትችያለሽ፤ የጋራ ንብረቱም የጋራ ሆኖ ይቆያል። ትዳሩ ቢቀጥልም ባይቀጥልም ለቤቱና ለመሬቱ ጉዳይ ውክልና ቶሎ ጨርሱ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው፣ ግሪን ካርድ አለው። ጠበቃው “ጥፋተኛ ነኝ በልና 1 ዓመት በገደብ ይሰጥሃል፣ አትታሰርም” አለው። ይፈርም?

መልስ፦ እንዳይፈርም! መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግር። በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው የአሜሪካ ሕግ እንደ ስርቆት ላሉ ወንጀሎች የ1 ዓመት ፍርድ ከአገር ለመባረር ሊበቃ ይችላል። በገደብ የተሰጠም ይቆጠራል። አንድ ቀን አንሶ 364 ቀን ሲሆን ነገሩ ሊለወጥ ይችላል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው አቆጣጠር በ2010 ጠበቃ ይህን ለደንበኛው የመንገር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ወንድምሽ ከተባረረ ቅጣቱ የሚወርደው እዚያ በተወለዱት ልጆቹ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሴት እስረኞችንስ ማን ይጠይቃቸዋል?

መልስ፦ እኔ እንዳየሁት እናታቸው። ባል ሲታሰር ሚስት ትሰለፋለች፤ ሚስት ስትታሰር ባል ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ዓመት አያልፍም። አንዳንዷ ደግሞ ሕፃኗን ይዛ ነው የገባችው። ልጁ አደግ ብሎ ሲወጣ የሚቀበለው ሰው አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ጥያቄ፦ አባቴ በ2005 ገብቶ በሚቀጥለው ወር ይፈታል። ምን እናዘጋጅ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ። ሲገባ ቴሌብር አልነበረም፣ ፋይዳ አልነበረም፣ ባለ 200 ብር ኖት አልነበረም። መታወቂያውም ጊዜው አልፎበታል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቀበሌ ውሰዱት፤ ያለሱ ሲም ካርድም አያወጣም። ሥራ ሲያመለክት አሻራ ስጥ ይሉታልና ስለ መሰየም፣ ማለትም ከቅጣት በኋላ መብት ስለሚመለስበት ሥርዓት፣ ጠበቃ ጠይቁ።

በግ እናርዳለን ትሉ ይሆናል። እረዱ፣ ግን በዚያው ቀን ሰፈሩን ሁሉ አትጥሩበት። ለዓመታት በእስረኛ ቆጠራ የኖረ ሰው ነው፤ ግርግር ያስደነግጠዋል። ማታ በሩን ራሱ ከፍቶ ቢወጣ “የት ነው?” ብላችሁ አትከተሉት።