አገዳውን ቀበርኩት፣ በቆሎው ቢጫ ሆነ

ጥያቄ፦ አዳማ አጠገብ በቆሎና ቦሎቄ እናርሳለን። ዘንድሮ አባቴን አሳምኜ አገዳውን አላቃጠልንም፤ ሊዘራ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከአፈሩ ጋር ገለበጥኩት። አሁን በቆሎው ጉልበት ደርሶ ቢጫ ሆኗል። የጎረቤታችን ግን ጥቁር አረንጓዴ ነው። አባቴ «ብናቃጥለው ይሻል ነበር» ይላሉ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ ልክ ነው፤ የተሳሳተው ጊዜው ነው፣ በሁለት ሳምንት አገዳ በስብሶ አያልቅም። የበቆሎ አገዳ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ወደ 60 እጅ ካርቦን ይይዛል፤ የሚያበሰብሱት ደቂቅ ነፍሳት ግን የሚስማማቸው ከ25 እስከ 30 ነው፣ ስለዚህ የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይወስዳሉ፣ የበቆሎህን ቀለብ ተሻሙት ማለት ነው። ቢጫው ከታችኛው ቅጠል ጫፍ ተነስቶ በመሃሉ መስመር ወደ ግንዱ የሚገባ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። አፈሩ እርጥብ ሲሆን ዩሪያ ከግንዱ ራቅ አድርገህ ጨምርና አፈር አልብሰው። ላዩ ላይ ከተተወ ከፊሉ በንኖ ይጠፋል።

ማቃጠሉ ግን አያዋጣም። ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። አባትህ አመድ ይጠቅማል ካሉ እውነት አላቸው፣ ፖታሺየም አለው፤ ግን ዝናብ ቶሎ በሚያቋርጥበት በእናንተ አገር አፈሩ ውሃ እንዲይዝ የሚያደርገው ብስባሹ ነው፣ እሱን ደግሞ እሳት አያስተርፍም።

ከመጪው አጨዳ በኋላ እንዲህ አድርግ። ሁሉንም አገዳ ማሳ ላይ ተው አልልህም፣ ላሞቹም ይበላሉ። ለብስባሽ ማዳበሪያ (ኮምፖስት) ጥላ ሥር አንድ ሜትር ያህል ጉድጓድ ቆፍር፤ ደረቅ አገር ላይ ከክምር ይልቅ ጉድጓድ እርጥበት ይጠብቃል። አገዳውን ስንዝር ስንዝር ከትክተህ አንጥፍ፣ በላዩ እበት፣ ከዚያ የቦሎቄውን ገለባ (እሱ ናይትሮጅን ስላለው አትጣለው፣ ለአገዳው ጥሩ ጓደኛ ነው)፣ ትንሽ አፈር፣ ውሃ፣ ከዚያ እንደገና ከአገዳው ጀምር። ዘር ያፈራ አረም አታስገባ። መሃሉ ላይ እንጨት ሰክተህ ከሳምንት በኋላ ስትነቅለው ትኩስ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ጠምቶታል። በየወሩ ገልብጠው። በሦስት አራት ወር የአፈር ሽታ ሲሸት ደርሷል፣ ለሰኔ ዘር ማለት ነው።

አባትህን ደግሞ ለሙከራ አንድ ጥማድ ብቻ ይስጡኝ በላቸው። ማሳው የእሳቸው ነው፣ ምርቱን ከራሳቸው ጋር አብራችሁ መዝኑት።