ጥያቄና መልስ፦ ከእድሩ ሳጥን የወጣው ፎቶ

ጥያቄ፦ ኮተቤ ባለው እድራችን ሳጥን ውስጥ ሠላሳ ገደማ ሰዎች የተሰለፉበት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተገኘ። ከኋላቸው የቆርቆሮ ቤትና ተራራ አለ፤ ጀርባው ላይ «75» ብቻ ተጽፏል። ሽማግሌዎቻችን በቦታውም በሰዎቹም አልተስማሙም። ከየት እንጀምር?
የእድሩ ጸሐፊ

መልስ፦ ከቦታው ይጀምሩ። ሰፈሩ ከታወቀ ማንን መጠየቅ እንዳለብዎት ይታወቃል።

አስቀድመው ግን ፎቶው ተገልብጦ አለመታጠቡን ይዩ። የወንድ ኮት የደረት ኪስ በለባሹ ግራ ስለሆነ ለእርስዎ በቀኝ በኩል መታየት አለበት። የሁሉም ኪስ በተቃራኒው ከሆነ ተራራውም ተገልብጧል፤ በመስታወት ይዩት።

ከኮተቤ የረር ተራራ በደቡብ ምሥራቅ ለብቻው ይታያል፤ በሰሜን ያለው የእንጦጦ ሰንሰለት ግን ረጅም ሸንተረር ነው። ባሕር ዛፉን አይመኑት፤ ተቆርጦም መልሶ ያቆጠቁጣል። ኮፒውን ይዘው ይውጡና በፎቶው ላይ ቅርብ ያለው ጉብታ ከሩቁ ተራራ የትኛውን ክፍል እንደሚጋርድ ይመልከቱ። ወደ ጎን ሲራመዱ ቅርቡ በሩቁ ፊት ይንሸራተታል። ሁለቱ ልክ እንደ ፎቶው ሲገጥሙ ፎቶ አንሺው በቆመበት መስመር ላይ ነዎት።

«75» አታላይ ነው። የእኛ 1975 ከሆነ በፈረንጅ 1982 ወይም 1983 ነው፤ የፈረንጅ 1975 ከሆነ ደግሞ የእኛ 1967 ወይም 1968። «ቀበሌ» የሚል ሰሌዳ ከታየ ከሐምሌ 1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ ነው። ልብስ ብዙ አይረዳም፤ ሰው ለፎቶ ኮት ይዋሳል። የታዘለ ሕፃን ይሻላል፦ ማንነቱ ከታወቀ ዕድሜው ዘመኑን ይነግርዎታል።

ወደ ሰዎቹ ስንመጣ፣ በኮፒው ላይ ለእያንዳንዱ ራስ ቁጥር ይስጡና ሽማግሌዎቹን ለየብቻ ያነጋግሩ። አንድ ላይ ከተቀመጡ መጀመሪያ የተጠራው ስም ሌላውን ያስራል፤ የእናንተም አለመስማማት ሳይሆን ቶሎ መስማማት ነው የሚያስፈራው። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ተጠይቀው አንድ ዓይነት የጠሩትን ስም ይመዝግቡ፣ የአንድ ሰውን ብቻ በጥያቄ ምልክት። የእድሩ መዝገብ በአባወራ ስም ከሆነ ሴቶቹን «የእገሌ እናት» እያሉ በልጅ ስም ይጠይቁ፤ ቶሎ ይገኛሉ።

ዋናው ፎቶ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አይጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ይዘልቃል። ላሚኔትም አያስደርጉት፣ ሙቀቱ ያበላሸዋል። ከመስታወት ጋር ከተጣበቀ አይላጡት፤ ፍላሽ አጥፍተው፣ ከመስኮት አጠገብ፣ ከነመስታወቱ ያንሱት።