ዓመታት የተኛ የጊታር አምፕ፦ ሳትሰካው ይህን አንብብ

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? አጎቴ ሲያርፍ ይጫወትበት የነበረውን የጊታር አምፕሊፋየር ለእኔ ተወልኝ። ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ ነው፣ ፊቱ ጥቁር፣ የስፒከሩ ጨርቅ ብርማ። ልጅ ሆኜ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ እሰማው ነበር። ከ20 ዓመት በላይ ተሸፍኖ ተቀምጧል። በቀደም ሰካሁት። ቀዩ መብራት በራ፣ ትንሽ ቆይቶ ከባድ የ«ህምምም» ድምፅ ሲለቅ ደንግጬ አጠፋሁት። አንዱ ጓደኛዬ ውስጡን በሙሉ አስቀይረው ይለኛል። ሌላው ደግሞ ከነካኸው ዋጋ የለውም ይላል። ማንን ልስማ? ዕድሜውንስ እንዴት ላውቅ?

መልስ፦ ቶሎ ማጥፋትህ ጥሩ ነው። ሁለተኛ ግን እንዳትሰካው። ጓደኞችህ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። እንዲህ ባለ አምፕ ውስጥ ጊዜ የሚገድላቸው ጥቂት ዕቃዎች አሉ፣ እነሱ የግድ ይቀየራሉ። አጎትህ ይወደው የነበረውን ድምፅ የሚሰጠው የቀረው ክፍል ግን እስካልሞተ ድረስ አይነካም።

ጩኸቱ የመጣው በአብዛኛው ከኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮቹ ነው። ሥራቸው ከግድግዳ የመጣውን ኃይል ማለስለስ ነው። ውስጣቸው እርጥብ ኬሚካል አለ፣ አሉሚኒየሙ ላይ ደግሞ በጣም ስስ የኦክሳይድ ሽፋን። ኬሚካሉ በዓመታት ይደርቃል። ሽፋኑም ያለ ኤሌክትሪክ ሲቀመጥ እየተበላሸ ይሄዳል። ከ15 እስከ 20 ዓመት ካገለገሉ በቂ ነው፣ ከዚያ ወዲያ የሠሩት ምርቃት ነው። ሲደክሙ መጀመሪያ የምትሰማው ያንን እምምታ ነው። ዝም ብለህ ብትቀጥል አንዱ ሾርት ያደርግና ሬክቲፋየር ቲዩቡን (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚቀይረውን የመስታወት ቱቦ) ወይም ትራንስፎርመሩን ይዞ ይሄዳል። ካፓሲተር ርካሽ ዕቃ ነው፣ የዘመኑን ትራንስፎርመር ግን በቀላሉ አታገኘውም።

በዴሉክስ ሪቨርብ እነዚህ ካፓሲተሮች ሻሲው ላይ በተገጠመ አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ክዳን ሥር ተደርድረዋል። ለባያስ (የኃይል ቲዩቦቹ ምን ያህል እንዲስቡ ለሚወስነው ቮልቴጅ) የምታገለግለው ትንሿ ደግሞ ለብቻዋ ናት። እሷን ብዙ ሰው ይረሳታል፤ እሷ ከሞተች ግን ሁለቱ 6ቪ6 የኃይል ቲዩቦች ከልክ በላይ ይስባሉ፣ ውስጣቸው ያለው ጥቁር ብረት ፍም ይመስላል። ስታስቀይር እሷንም አስቀይር። መጠናቸው ከድሮው አይራቅ። 16 ማይክሮፋራድ የነበረው በ22 ቢተካ ችግር የለውም። «ይበልጥ ይጥራ» ብሎ በጣም ትልቅ የሚገጥም ባለሙያ ካጋጠመህ ግን እምቢ በል። የጂዜድ34 ሬክቲፋየሩ ከእሱ ቀጥሎ በሚመጣው በመጀመሪያው ካፓሲተር ላይ ከ60 ማይክሮፋራድ በላይ እንዲሸከም አልተሠራም። በዚያ ላይ የአምፑ ድምፅ ይደርቃል። ጠንከር አድርገህ ስትመታ ድምፁ ትንሽ ሸብረክ ብሎ የሚነሳው ነገር ይጠፋል። ልጅ ሆነህ የሰማኸው እኮ ያ ነው።

በቫሪያክ (ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ በሚያደርግ ትራንስፎርመር) ቮልቴጁን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረግህ ካፓሲተሮቹን «አንቃቸው» የሚሉህም ይኖራሉ። ለእንዲህ ያለ አምፕ አልመክርም። ሬክቲፋየሩ ራሱ ቲዩብ ነው፣ በዝቅተኛ ቮልቴጅ በቅጡ አይሞቅም። ስለዚህ ካፓሲተሮቹ ብዙ ቆይተው ምንም አይደርሳቸውም፣ ከዚያ ባንድ ጊዜ ይመጣባቸዋል። ደግሞስ የደረቀ ኬሚካል በምን ይረጥባል?

አሁን ከድምፅ ወደ ነፍስ እንምጣ። ገመዱን እየው። ስፒናው ባለ ሁለት እግር ከሆነ አምፑ የመሬት ሽቦ (ግራውንድ) የለውም ማለት ነው። በዚያ ዘመን በነበረው አሠራር ከኃይል መስመሩ ወደ ብረቱ ሻሲ አንድ ካፓሲተር ተዘርግቷል፣ ከጀርባ «ግራውንድ» ከሚለው ማብሪያ ጋር የተያያዘ። ጠጋኞች «ገዳዩ ካፓሲተር» ይሉታል፣ ማጋነን አይደለም። እሱ ሾርት ሲያደርግ ሻሲው ኤሌክትሪክ ይይዛል። ሻሲው ከጊታሩ ኬብል ጋር፣ ኬብሉም ከክሮቹ ጋር የተገናኘ ነው። ጊታር ይዘህ ከንፈርህ ማይክ ሲነካ መንገዱ ሞላ። ይህ ካፓሲተር ይውጣ። ገመዱም ባለ ሦስት እግር ይሁን። የመሬቱ ሽቦ በራሱ ብሎን ከሻሲው ጋር ጠብቆ ይታሰር፣ ኃይል ያለው ሽቦ መጀመሪያ ወደ ፊውዙ ይግባ። «ኦርጅናል ገመድ» እያሉ ለዚህ የሚከራከሩ ሰብሳቢዎች አሉ። ኦርጅናሉን ጠቅልለህ አስቀምጥላቸው።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ጀርባው ላይ 117 ቮልት፣ 60 ሳይክል የሚል ከሆነና ቤትህ ያለው ኃይል 220 ከሆነ፣ በቀደም የሰካኸው በመቀነሻ ትራንስፎርመር እንደነበር ተስፋ አደርጋለሁ። በ50 ሳይክል ሲሠራ የአምፑ ትራንስፎርመር ከወትሮው ይሞቃል። ስለዚህ መቀነሻው ከ117 በላይ እንዳይሰጥ በቴስተር አስለካው፣ አምፑም አየር ያግኝ።

ይህን ሁሉ ራስህ ልሥራው ብለህ ካቻቢቴ አንስተህ ከሆነ መልሰህ አስቀምጥ። ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ አለ። ስፒናውን ብትነቅልም ካፓሲተሮቹ ይዘውት ይቆያሉ። የቲዩብ አምፕ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ በሬዚስተር ያፈስሰዋል፣ በቴስተር ባዶ መሆኑን ያያል፣ ከዚያ ነው እጁን የሚያስገባው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን በቲዩብ ዘመን የጠገነ አንጋፋ ካገኘህ ከማንም ይሻልሃል።

ሥራው ሲያልቅ ቀጥታ ግድግዳው ላይ እንዳይሰካው ንገረው። ባለ ሽቦ የድሮ አምፖል፣ 60 ወይም 100 ዋት፣ ከኃይሉ ጋር በተከታታይ ይግባ። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ፏ ብሎ ቢደበዝዝ ደህና ነው። ፏ ብሎ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ። ስፒከሩም ይገናኝ፤ የቲዩብ አምፕ ያለ ስፒከር ሲሠራ የመውጫው ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል።

የማይነኩትን ልንገርህ። ሰማያዊ ወይም ቡናማ የሆኑት የቶን ካፓሲተሮች ኤሌክትሮሊቲክ አይደሉም፣ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ካላፈሰሱ ይቆዩ። ማፍሰሳቸውን ለማወቅ ከወዲያኛው ጫፍ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ይለካል። ቲዩቦቹን ማንም እንዳይጥልብህ፣ የድሮዎቹ ብዙ ጊዜ ገና ጉልበት አላቸው። ቁልፎቹ ሲዞሩ ከተንጫጩ የኮንታክት ማጽጃ ይበቃቸዋል። ጥቁሩን ልባስና ጨርቁን በእርጥብ ጨርቅ ከመወልወል አትለፍ። ኮን (የሚርገበገበው የወረቀት ክፍል) አዲስ የተለጠፈለት ስፒከር ዋጋው ይወርዳል፣ ስለዚህ ትንሽ ቅድ ብቻ ከሆነ ባለሙያው በስስ ወረቀትና ሙጫ ይድፈነው። የወጣውን እያንዳንዱን ዕቃ፣ የሞተውንም ጭምር፣ ፖስታ ውስጥ ከትተህ ከሳጥኑ ግርጌ አኑረው። ነገ ለሚሸጥለትም ሆነ ለሚወርሰው ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ዕድሜውን ለማወቅ ሳጥኑ ውስጥ የተለጠፈውን የቲዩብ ዝርዝር ወረቀት ፈልግ። ሁለት ፊደል ተማህትሞበት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ዓመቱ ነው፤ «ኤ» 1951፣ «ቢ» 1952 እያለ ይሄዳል። ሁለተኛው ወሩ ነው፣ «ኤ» ጃንዋሪ። «ኤን ሲ» ካለ 1964፣ ማርች። ወረቀቱ ከተቀደደ ስፒከሩን እየው። ቁጥሩ በ220 ከጀመረ ጄንሰን፣ በ465 ከጀመረ ኦክስፎርድ ነው። ቀጥሎ ዓመቱ፣ መጨረሻው ሳምንቱ። 465-412 ማለት ኦክስፎርድ፣ የ4 ዓመት፣ 12ኛ ሳምንት። ዓመቱ አንድ አሃዝ ብቻ ስለሆነ 4 የተባለው 1964ም 1974ም ሊሆን ይችላል፣ ከሌሎቹ ጋር ማነጻጸር ግድ ነው። ትራንስፎርመሮቹ ላይ 606 ካየህ ሹማከር የሠራቸው ናቸው፣ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ ይነበባል። የቁልፎቹ ጀርባ ላይ 137 ካለ ሲቲኤስ፣ 304 ካለ ስታክፖል ነው። እነዚህ ቁጥሮች ዕቃው የተመረተበትን እንጂ አምፑ የተገጠመበትን አይናገሩም፣ ከሁሉም የቅርቡን ያዝ።

ሰብሳቢዎች ይህን ያህል የሚጨነቁት የአሜሪካው የብሮድካስት ኩባንያ ሲቢኤስ በ1965 መጀመሪያ ፌንደርን ስለገዛ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ይወደዳል። በእኔ ጆሮ ግን የ1964ቱና የ1966ቱ ዴሉክስ ሪቨርብ ልዩነታቸው ከዋጋቸው ልዩነት በብዙ ያንሳል፣ የውስጥ ሰርኪቱ አንድ ዓይነት ነውና። ለመሸጥ ካላሰብክ በዚህ ራስህን አታድክም።

ተጠግኖ ሲመጣልህ የመጀመሪያውን ሰዓት ዝቅ አድርገህ ተጫወት፣ መብራት አጥፍተህም ከጀርባ ቲዩቦቹን እይ። ብርቱካናማው ክር ብቻ ከበራ ቀጥል፣ ድምፁን አራትና አምስት ላይ አድርሰው። ጥቁሩ ብረት ከቀላ አጥፋና ባያሱን እንደገና አስለካ። የወረቀቱ ፊደል ከደበዘዘብህ በእጅ ባትሪ ከጎን አብርተህ ፎቶ አንሳና ላክልኝ።