መናኸሪያው አጠገብ ቤት ልያዝ ወይ?

ጥያቄ፦ ሥራዬ ጎንደር ነው። እናቴ ግን ደባርቅ ብቻዋን ስለሆነች ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ለዚህ ብዬ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ክፍል ቤት አገኘሁ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ደላላው «ዛሬ ቀብድ ካልጣልሽ ነገ አታገኚውም» እያለ ያጣድፈኛል። አከራይዋ ደግሞ የስድስት ወር ቅድሚያ ይፈልጋሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀብዱን ዛሬ አትጣይ። ቤቱን ያየሽው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ከሰዓት በኋላ ከሆነ ገና አላየሽውም። እኔም አንድ ጊዜ መናኸሪያ አጠገብ ቤት የያዝኩት እሑድ ከሰዓት አይቼ ነው፤ ግቢው ጭር ያለ፣ የሰው ድምፅ እንኳ የማይሰማበት። ሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ግን የአውቶቡሶቹ ሞተር ተነሣ፣ ጥሩምባው ቀጠለ፣ ረዳቶቹ «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር! አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ይጣራሉ፣ የመስኮቴ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ሀገር አቋራጭ መኪና ማልዶ ነው የሚወጣው፣ ይሄ የአንድ ቀን ነገር አይደለም። የስድስት ወር ከፍዬ ስለነበር ስድስት ወር ሙሉ እንዲያ ሆኜ ኖርኩ።

ስለዚህ ሰው ይዘሽ ማለዳ ሂጂና ግቢው ውስጥ ቁሚ። ማለዳ መሄድ ካልተመቸሽ እዚያው የሚኖር ተከራይ ፈልጊና አከራይዋ በሌሉበት ጠይቂው። ስለ ውሃም እሱን ነው መጠየቅ። የጎንደርን ውሃ ታውቂዋለሽ፦ በስንት ቀን ነው የሚመጣው? ሮቶ አለ ወይ? ካለስ ለተከራይም ይከፈታል ወይስ የአከራይ ብቻ ነው? የጋራውን ሽንት ቤት ክፈቺና በርሜሉን እይው፣ ባዶ ከሆነ መልሱ እሱ ነው። መብራቱ በአንድ ቆጣሪ ከሆነ ሂሳቡ እንዴት እንደሚካፈል፣ ምጣድ ይፈቀድ እንደሆነም ቀድመሽ ጨርሺ።

ደግሞ አንድ ነገር አስቢ። መናኸሪያ የምትሄጂው በሳምንት አንዴ ነው፣ ሥራ የምትገቢው ግን በየቀኑ። መሥሪያ ቤትሽ ማራኪ ሰፈር ወይም አዘዞ ከሆነ የዕለቱ የባጃጅ ሂሳብ ከቅዳሜዋ ይበልጥብሻል። እኔ ብሆን ለሥራዬ የሚቀርበውን ይዤ ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ መናኸሪያ እወርድ ነበር። ደላላው «አምስት ደቂቃ ነው» ካለሽም በእግርሽ ሂጂበት፣ የጎንደር ዳገት ሻንጣ ተይዞ ሌላ ነው።

ወደ ብሩ እንምጣ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይለፍ ይላል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያዛል። አዋጁ በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራ የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ ክፍለ ከተማ ሄደሽ ጠይቂ። ቢሠራም ባይሠራም ግን ያለ ውል አትግቢ። በቃል የገባ ሰው በሦስተኛው ወር «ጨምሪ ወይም ልቀቂ» ሲባል የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

ቤቱን ማለዳ አይተሽ አሁንም ከወደድሽው፣ ለአከራይዋ በአክብሮት «እትዬ፣ የሁለት ወር ልክፈልና ውል እንጻፍ» በያቸው። እሺ ካሉ ብሩን በእጅ አትስጪ፣ በባንክ አስገቢላቸውና ደረሰኙን ከውሉ ጋር አስቀምጪው። እምቢ ካሉ ሌላ ቤት ፈልጊ፣ ደላላው የቱንም ያህል ቢያጣድፍሽ።